ለብርድ ሰማይ የሚሆን የውስጥ ልብስ
(በጃንጥላ ለሚዘሉና ለመዝለል ለሚያስቡ ተማሪዎች የቀረበ አጭር ጥናት)

ይህን አርእስት የሚያነብ ጓደኛዬ ሁሉ በመጀመሪያ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። «ከአውሮፕላን ወደ ባዶ አየር የሚወረወር ሰው ስለ ከናቴራው ያስባል ወይ?» ይል ይሆናል። እኔም ራሴ ቀድሞ እንደዚሁ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ግን መጽሐፍ ሳይሆን አንድ የጥር ቀን ነው።

ለትምህርት ወደ ሰሜን አውሮፓ ሄጄ በነበረበት ዓመት ከዚያ አገር ተማሪዎች ጋር በጃንጥላ መዝለል ተማርሁ። ሙቀቱ ባለበት ወራት የዘለልሁት ሁሉ ያለ ችግር አለፈ። ከዚያም ክረምታቸው ገባ። የእነርሱ ክረምት እንደኛው የዝናብ ወራት ሳይሆን ታኅሣሥና ጥር፣ ማለትም የበረዶው ወራት መሆኑን አንባቢ ያስታውስ። በዚያች ቀን ጃንጥላዬን በራሴ እጅ አጣጥፌ፣ ላብ በላብ ሆኜ ወደ አውሮፕላኑ ገባሁ። ከውስጥ የለበስሁት ሁለት የጥጥ ከናቴራ ነበር፤ ሁለት ስለ ሆነ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። የመክፈቻው ሰዓት ደርሶ እጀታዋን ስፈልግ ጣቶቼ ደርሰውባታል፤ መድረሳቸውን ግን አልነገሩኝም። ሁለት ጊዜ ጨበጥሁ፤ ሁለት ጊዜ የጨበጥሁት የሱሪዬን ጨርቅ ነበር። በሦስተኛው ተሳካልኝና በደኅና ወረድሁ። የዘገየሁት አራት ሴኮንድ ያህል ነው። አራት ሴኮንድ በምድር ላይ ምንም አይደለም፤ በሰማይ ላይ ግን ከ200 ሜትር ይበልጣል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ለመመርመር ተነሣሁ። ያገኘሁትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ለመናገር፣ በብርድ ጊዜ የሚዘል ሰው የውስጥ ልብሱን የሚመርጠው ለምቾቱ ብቻ ሳይሆን ጣቶቹ እንዲታዘዙለት ነው። ይህ እንዴት እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

1ኛ. ብርዱ ምን ያህል ነው?

ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ እንደሚቀዘቅዝ ከአዋሽ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የወጣ መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። የሳይንስ ሰዎች ይህን በአማካይ ለካ 1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ሳንቲግሬድ ብለው ይቈጥሩታል። ዘላዮች ብዙውን ጊዜ ከአውሮፕላን የሚወጡት በ4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም የስሜን ተራሮችን ከፍተኛ ቦታዎች የሚያህል ነው። በስሜን ሌሊቱን ያደረ ሰው የዚያን ከፍታ ውርጭ ያስታውሰዋል።

አሁን ወደ ብርድ አገር እንሂድ። በስዊስ አገር የምትገኘው ኢንተርላከን ከባሕር ጠለል በላይ 570 ሜትር ያህል ላይ ናት። በጥር ወር በምድሪቱ ላይ ሙቀቱ 0 ዲግሪ ቢሆን፣ በ4,000 ሜትር ላይ ያለው ልዩነቱ ሲሰላ ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ይሆናል። እርግጥ ይህ አማካይ ስሌት ነው። በክረምት ጧት ቀዝቃዛው አየር በሸለቆ ውስጥ ተኝቶ ከላይ ያለው የሚሻልበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ሁልጊዜ የዕለቱን የአየር ጠባይ ትንበያ፣ ይልቁንም የላይኛውን አየር ሙቀት መጠየቅ ይገባል።

በዚህ ላይ ነፋስ አለ። በሆዱ ተዘርግቶ የሚወርድ ዘላይ ፍጥነቱ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ነፋስ አየሩን ራሱን አያቀዘቅዘውም፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ሰውነታችን በቆዳችን ዙሪያ ያሞቀውን ስስ የአየር ሽፋን ጠርጎ መውሰድ ነው። አሜሪካውያኑ ፖል ሲፕልና ቻርልስ ፓስል እ.ኤ.አ. በ1941 በአንታርክቲካ ውኃ በትንሽ ዕቃ አድርገው ነፋስ ላይ በመስቀል፣ ለመርጋት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ለኩ፤ ውጤቱንም በ1945 አሳተሙ። ዛሬ በካናዳና በአሜሪካ የሚሠራበት ስሌት በ2001 የታደሰው ነው። በእርሱ መሠረት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቀን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በተገለጠ ፊት ላይ ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማል። ይህ ስሌት የተዘጋጀው በምድር ለሚራመድ ሰው እንጂ በ190 ኪሎ ሜትር ለሚወርድ ሰው ስላይደለ፣ ለዘላይ ቍጥር አውጥቶ መናገር ስሕተት ነው። ነገር ግን በ40 ኪሎ ሜትር እንዲህ ከሆነ በ190 ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

2ኛ. ጣት ስለ ምን ይደነዝዛል?

የሰው ሰውነት ልብን፣ ሳምባንና አንጎልን በ37 ዲግሪ አካባቢ ማቆየት ግዴታው ነው። ብርድ ሲበረታበት፣ በጦርነት የተጨነቀ መንግሥት ዳር አገሩን ለቅቆ ዋና ከተማውን እንደሚጠብቅ፣ ወደ እጅና ወደ እግር የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠባል። ሞቃቱ ደም ወደ መካከል ይሰበሰባል፤ ጣቶች ያለ ስንቅ ይቀራሉ።

የእጅ ቆዳ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሲወርድ ጣቶች ቅልጥፍናቸውን ማጣት ይጀምራሉ። ወደ 8 ዲግሪ ሲቃረብ ደግሞ የመዳሰስ ስሜታቸው ይጠፋል። እኔን ያገኘኝ ይህ ነው።

ይህ ለዘላይ የሞት የሽረት ነገር የሚሆነው በመሣሪያው አሠራር ምክንያት ነው። ዘላዩ ዋናውን ጃንጥላ የሚከፍተው ከጀርባው ሻንጣ በታች በስተቀኝ ያለችውን ትንሽ እጀታ ስቦ፣ ከርስዋ ጋር የተያያዘችውን መሪ ጃንጥላ ወደ ነፋሱ በመጣል ነው። እጀታዋ ከኋላ ስለሆነች በዐይን አትታይም፤ የምትገኘው በመዳሰስ ብቻ ነው። ዋናው ጃንጥላ ቢበላሽ በደረቱ በስተቀኝ ያለውን እጀታ ስቦ ይለቀዋል፤ በስተግራ ያለውን ስቦ ተጠባባቂውን ይከፍታል። እንግዲህ ሕይወቱ በሦስት እጀታዎች፣ ሦስቱ እጀታዎችም በጣቶቹ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

ሒሳቡን እንሥራ። በአሜሪካ የጃንጥላ ዘላዮች ማኅበር ደንብ ጀማሪ ጃንጥላውን ቢያንስ በ3,000 ጫማ፣ ማለትም በ900 ሜትር ገደማ መክፈት አለበት። በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 53 ሜትር ነው። አንድ ሰው በዚያ ከፍታ እጀታውን ፍለጋ አምስት ሴኮንድ ቢያባክን 265 ሜትር ወርዷል፤ የቀረው 635 ነው። ጃንጥላው ተነፍቶ እስኪከፈት ደግሞ 250 ሜትር ያህል ይበላል። 385 ሜትር ቀረ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ዋናው ጃንጥላ ተበላሽቶ ቢገኝ፣ በደነዘዘ እጅ ሁለት ሌሎች እጀታዎችን ፈልጎ ለመሳብ የቀረው ጊዜ እጅግ ጠባብ ነው። በርግጥ ዘላዩ ሳይከፍት ቢቀር በመጨረሻ ተጠባባቂውን ራሱ የሚከፍት መሣሪያ አለ፤ ነገር ግን እርሱ የመጨረሻ ዘበኛ እንጂ የእጅ ምትክ አይደለም።

«ታዲያ ወፍራም ጓንት ቢደረግ አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። አይበቃም። ጓንት ሙቀት አይሠራም፤ የተላከለትን ሙቀት ይይዛል እንጂ። ሙቀቱ የሚላከው ከደረትና ከሆድ ነው፤ ደረቱ የበረደው ሰው ጓንቱ ባዶ ጎተራ ነው። ጓንቱ እጅግ ከወፈረ ደግሞ ብርዱ የሚወስደውን ስሜት ራሱ ይወስደዋል። መንገዱ ደረትን በደንብ አሙቆ ቀጭን ጓንት ማጥለቅ ነው። በዚህ ምክንያት ነው የጣት ነገር ከከናቴራ የሚጀምረው።

3ኛ. ጨርቆቹን እንመርምር

ጨርቅ በራሱ አያሞቅም። የሚያሞቀው በክሮቹ መካከል የታሰረውና የማይንቀሳቀሰው አየር ነው። ውኃ ደግሞ ከእንዲህ ያለው አየር ይልቅ 25 እጥፍ ያህል ሙቀትን ያስተላልፋል። ስለዚህ የአየሩን ስፍራ ላብ ሲወስደው ልብሱ መከላከያ መሆኑ ቀርቶ የሙቀት መውጫ መንገድ ይሆናል። ላቡ ሲተንም በያንዳንዱ ግራም 580 ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ይህ ለሯጭ በረከት ነው፤ ለዘላይ ግን ዕዳ ነው።

የኖርዌዩ መኮንን ሄንሪክ ብሩን እ.ኤ.አ. በ1933 ከዓሣ መረብ የውስጥ ልብስ መሥራቱ የአየሩን ነገር ጥሩ አድርጎ ያስረዳል። መረቡ ከቀዳዳ በቀር ብዙ ነገር የለውም፤ ቢሆንም ከላይ ሌላ ልብስ ሲደረብበት ቀዳዳዎቹ አየር ይዘው ያሞቃሉ፤ ላቡም በቀላሉ ይወጣል። በ1953 ኤቨረስት ተራራን የወጡት ሰዎች እንዲህ ያለውን ከናቴራ ይዘው ነበር።

ሀ. ጥጥ። ጋቢያችን የጥጥ ነው፤ ደረቅ ሆኖ በቤት ውስጥ ሲደረብ የሚተካከለው የለም። ነገር ግን ዝናብ የመታውን ጋቢ የተሸከመ ሰው ጉዳዩን ያውቀዋል፤ ይከብዳል፣ ይጣበቃል፣ ቶሎም አይደርቅም። የጥጥ ክር ውኃውን ወደ ውስጡ ይመጣል፤ ሲርስም ይተኛና የያዘውን አየር ይለቃል። ስለዚህ የጥጥ ከናቴራ፣ የጥጥ ካልሲና የጥጥ ሙታንታ ሳይቀር ለብርድ ዝላይ አይሆኑም።

ለ. የበግ ጠጉር። የመንዝና የስሜን ባላገር በውርጭና በጭጋግ ከብቱን ሲጠብቅ በርኖስ ወይም ባና የሚለብሰው በከንቱ አይደለም። የበግ ጠጉር የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት በእንፋሎት መልክ ወደ ውስጡ ሲያስገባ እንኳ ላዩ እርጥብ ሆኖ አይሰማም። እንዲያውም እርጥበቱን በሚቀበልበት ጊዜ ጥቂት ሙቀት ያወጣል። ክሩ በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ስለሆነ ሲርስም አየሩን ፈጽሞ አይለቅም። ሽታ ቶሎ አይዝም፤ እሳት ቢነካውም ከስሎ ይቀራል እንጂ ቀልጦ ቆዳ ላይ አይጣበቅም። ታዲያ በርኖሱን ከውስጥ ለምን አንለብሰውም? ስለሚኮሰኩስ ነው። ውፍረቱ ከ30 ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር 1,000ኛ እጅ 30ው በላይ የሆነ የጠጉር ክር ቆዳን ይወጋል። ሜሪኖ የተባለው የበግ ዘር ግን ጠጉሩ ከዚህ እጅግ የቀጠነ ስለሆነ በራቁት ገላ ላይ ይለበሳል። ጉድለቱ ዋጋው መወደዱ፣ ስሱ ቶሎ መበሳቱና ከታጠበ በኋላ ቀስ ብሎ መድረቁ ነው።

ሐ. ፖሊስተር። ይህ በፋብሪካ የሚሠራ ክር ነው። ውኃ ወደ ክሩ ውስጥ የሚገባው ከክብደቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በልዩ አሠራር ሲፈተል ላቡን በክሮቹ ላይ እያሳለፈ ከገላ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ በፍጥነትም ይደርቃል። ከሜሪኖ ይረክሳል፤ ብዙ ጊዜም ያገለግላል። ሽታ ግን ይይዛል፤ እሳት ሲያገኘው ይቀልጣል።

መ. ፖሊፕሮፒሊን። ውኃ በመጥላት ከሁሉ ይበልጣል፤ ቀላልና ርካሽም ነው። ነገር ግን በ160 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ በሙቅ ብረትና በማድረቂያ መኪና አጠገብ ጥንቃቄ ይሻል።

ፍርዴን ለመስጠት ያህል፣ ገንዘብ ያለው ሜሪኖ ይግዛ፤ የሌለው ተማሪ ደኅና ፖሊስተር ቢገዛ አያፍርበትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነው፤ በሁለቱና በጥጥ መካከል ያለው ግን ሰፊ ነው።

4ኛ. የዝላዩ አራት ጊዜያት

ጨርቁን ካወቅን በኋላ ውፍረቱን ለመወሰን የዝላዩን ሂደት መከተል ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው በምድር ላይ ያለው ነው። ጃንጥላ ማጣጠፍ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ሰፊውን ጨርቅ በጕልበት ተጭኖ አየሩን አስወጥቶ በጠባብ ሻንጣ ውስጥ መክተት ያልባል። ብዙው ዘላይ የሚሸነፈው ገና እዚህ ነው። ስለዚህ ሲያጣጥፉ ከላይ የተደረበውን ማውለቅ፣ የውስጡም ከረጠበ ወደ አውሮፕላን ከመግባት በፊት በደረቅ መለወጥ ይገባል። አንድ ትርፍ ከናቴራ በቦርሳ መያዝ ከማናቸውም ውድ ልብስ ይሻላል።

ሁለተኛው በአውሮፕላን ውስጥ ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ነው፤ ሰውነት ሙቀት አይሠራም፤ የረጠበውም ልብስ ሥራውን ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ጓንትን አጥልቆ፣ ጣቶችን በብብት ሥር አድርጎ ማፍታታት ይጠቅማል።

ሦስተኛው ነጻ ውድቀቱ ነው። ከ4,000 ሜትር ኢንተርላከን ላይ ቢዘለልና ጃንጥላው ከመሬት በላይ በ1,500 ሜትር ቢከፈት 40 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ጊዜው አጭር ነው፤ ነፋሱ ግን በየቀዳዳው ይገባል፤ በእጅጌ፣ በአንገት፣ በወገብ። የውስጥ ልብስ ብቻውን ይህን ነፋስ አይመክትም። ከላዩ ክሩ የጠበቀ የናይሎን ቱታ ያስፈልገዋል።

አራተኛው በጃንጥላ ሥር የሚቆዩበት አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እጆች መሪ ገመዶቹን ይዘው ከራስ በላይ ስለሚሰቀሉ ደም ይሸሻቸዋል፤ እጅጌም ተንሸራቶ አምባር እጅ ይገለጣል። ለማረፍ ሁለቱን ገመዶች በእኩል ለመሳብ ደግሞ ጣት የሚፈለገው በዚሁ መጨረሻ ላይ ነው።

5ኛ. ውፍረት፣ ልክና አቆራረጥ

የውስጥ ልብስ ውፍረት የሚነገረው በካሬ ሜትር ግራም ነው። 150 ስስ፣ 200 መካከለኛ፣ 250 ወፍራም ይባላል። ለሚያልበውና ራሱ ለሚያጣጥፈው ተማሪ 150 ወይም 200 መልካም ነው፤ ቢበርደው ሌላ ስስ ይደርባል እንጂ በአንድ ወፍራም አይታመን። ሁለት ስሶች በመካከላቸው አየር ይይዛሉ፤ ሲሞቅም አንዱን ማውለቅ ይቻላል።

ልኩ ገላን የሚከተል፣ ነገር ግን የማያጣብቅ መሆን አለበት። የሰፋ ልብስ ላቡን ከቆዳ አያነሣም፤ የጠበበም ደምን ያግዳል። ወገቡ ረጅም ሆኖ እጅ ወደ ላይ ሲነሣ ሆድ የማይገልጥ፣ እጅጌው አውራ ጣት የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ቢሆን ይመረጣል። በአምባር እጅ የሚታሰረው የከፍታ መለኪያ ግን በእጅጌ እንዳይሸፈን መጠንቀቅ ነው። ስፌቱም ጠፍጣፋ ይሁን፤ የእግር ጠፍሮች በሚያርፉበት በብሽሽት ላይ ጕጥ ያለው ስፌት ጃንጥላው ሲከፈት ቆዳ ይልጣል።

ለአንገት ተንጠልጣይ ሻርፕ ፈጽሞ አይደረግ፤ ራስ የሚያልፍበት ጠባብ የአንገት ሹራብ ይበቃል። ከላይ ሌላ ጃኬት የሚደረብ ከሆነ በጠፍሮቹ ሥር ይለበስ፤ በላይ የተለበሰ ጃኬት በነፋስ ተነፍቶ የደረቱን እጀታዎች ሊሸፍን ይችላል። ልብስ በተጨመረ ቍጥር የጠፍሮቹ ልክ ስለሚለወጥ እንደገና ተስተካክለው በአስተማሪ ዐይን ይታዩ።

6ኛ. በቤት የሚሠራ ሙከራ

የጻፍሁትን አንባቢ በቃሌ ብቻ እንዲቀበለኝ አልሻም። እኩል ክብደት ያላቸውን አንድ የጥጥና አንድ የበግ ጠጉር ቍራጭ ጨርቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ በእኩል ኀይል ይጭመቅ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጁ ጀርባ ላይ ያድርግና በነፋሻ መስኮት አጠገብ አሥር ደቂቃ ይቀመጥ። የትኛው እጅ መጀመሪያ «ይብቃኝ» እንደሚል ራሱ ይፈርዳል።

ሁለተኛው ሙከራ ለዘላዮች ብቻ ነው። የክረምቱን ልብስና ጓንት ሙሉ በሙሉ ለብሰው፣ መሣሪያውን አንግተው፣ በምድር ላይ ዐይን ጨፍነው ሦስቱን እጀታዎች በየተራ አሥር አሥር ጊዜ ያግኙ፤ ሳይስቡ መዳሰስ ብቻ። ከአሥሩ አንዱን እንኳ የሳተ ጓንቱን ይለውጥ ወይም ልምምዱን ይቀጥል፤ ያን ቀን ግን አይዝለል።

እንግዲህ ከእኛ መካከል ነገ በትምህርት ምክንያት ወደ ብርድ አገር የሚሄድ አለ። ወጣት ነውና በዚያ ያሉት ጓደኞቹ ወደ ሰማይ ሲወጡ አብሮ መውጣት ያምረዋል፤ መውጣቱንም አልነቅፍም። ድፍረት ከአውሮፕላኑ በር ላይ ይጠየቃል፤ ጥበብ ግን የሚጠየቀው ከዚያ አስቀድሞ፣ ጧት ልብስ በሚለበስበት ሰዓት ነው። እኔን አራት ሴኮንድ አስተማረኝ። ሌላው ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከዚህ ወረቀት ቢማር ይሻለዋል።